የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ቁስል

የሣር ማጨጃ የሚጠግን ሰው የሚፈራው ምላጩን ነው። አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ያለው ጋራዣችን ውስጥም የካንዴላው ገመድ ሳይነቀል ምላጭ የሚነካ የለም። በግፊት የማሽን ክንድ ስለሚያንቀሳቅሰው ሃይድሮሊክ ዘይት ግን ብዙም አይወራም። የሥራ ባልደረባዬን የጎዳው ደግሞ እሱ ነው።

የፀደይ ሥራ ሊጀመር ሰሞን ነበር። አፈር የምናመላልስባት ትንሿ ሎደር ዘይት ታንጠባጥባለች። ልጁ የሚያፈሰውን ቦታ ለማግኘት ሞተሩን አስነስቶ ቱቦውን በእጁ ይዳብስ ጀመር። ጓንት አድርጓል። ድንገት "ኧረ የሆነ ነገር ወጋኝ!" አለ። ጓንቱን ሲያወልቅ ሌባ ጣቱ ላይ አንዲት ነጥብ አለች። ደም እንኳ በቅጡ አልወጣትም።

"ምንም አይደል ጋሼ፣ ፕላስተር ላድርግበትና ልጨርሰው" አለኝ።

አብሮን የሚሠራ አንጋፋ የኤልሳልቫዶር መካኒክ ግን ጣቱን ሲያይ ፊቱ ተለዋወጠ። መፍቻውን አስቀምጦ የመኪና ቁልፍ አነሳ። "ሆስፒታል፣ አሁኑኑ!"

እንዲህ ያለች ማሽን ቱቦ ውስጥ ግፊቱ 3,000 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይደርሳል። የመኪና ጎማ 30 ምናምን ነው። ዓይን የማያያት ስንጥቅ ካለች ዘይቱ ጓንትም ቆዳም በስቶ ይገባል፤ ከዚያ ውስጥ ለውስጥ ወደ መዳፍ ይሰራጫል። መጀመሪያ ላይ ብዙም አያምም፤ ክፋቱም ይሄ ነው። ከሰዓታት በኋላ ጣቱ ያብጣል፣ ደም አይደርሰውም፣ ሥጋው ይሞታል። የዘገየ ሰው ጣቱን ሊቆረጥ ይችላል።

ድንገተኛ ክፍል ያለችው ተቀባይ ነጥቧን አይታ "ተቀመጡ" አለችን። መካኒኩ "ዘይት በግፊት ገብቶበታል" እያለ ደጋግሞ ባያስረዳ ኖሮ ተራ ስንጠብቅ ባመሸን። ማታውኑ ጣቱን እስከ መዳፉ ከፍተው አጠቡለት። ተርፏል፤ እስከ መጨረሻው ግን አይታጠፍለትም።

አሁን ቱቦ በእጅ መዳበስ ቀርቷል። ሞተር ይጠፋል፣ የሎደሯ ክንድ መሬት ይወርዳል፣ የታመቀው ግፊት እንዲወጣ ማንሻው ወዲያ ወዲህ ይደረጋል። ሞተር ሳይጠፋ ማየት ግድ ከሆነ መነጽር አድርገን፣ ራቅ ብለን ረጅም ካርቶን ነው የምናስጠጋው። ዘይቱ ካርቶኑ ላይ ያርፋል። ሐኪሙ የዘይቱን ዓይነት ጠይቆን ስለነበር የመረጃ ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል።

ልጁ ሆስፒታል ለመሄድ ያንገራገረው የሕክምናውን ሂሳብ ፈርቶ ነበር። በሥራ ላይ ለሚደርስ ጉዳት ሕክምናውን የሚከፍለው የአሠሪው መድን መሆኑን አያውቅም። አዲስ ለሚቀጠር ሁሉ መፍቻ ከማስያዛችን በፊት የምንነግረው ይህንኑ ነው።