ረግረጉ አንድ፣ በሩ ሦስት፦ በኦኬፈኖኪ የአርቪ ማደሪያ እንዴት እንደመረጥን

ያደግኩት ፎገራ ነው። ክረምት ሲገባ ከጣና ዳር ያለው ሜዳ ውሃ ይተኛበታል። ለእኛ ረግረግ ማለት ከብት እንዳይሰጥም የምንጠብቅበት፣ ለታንኳና ለሰሌን ደንገል የሚታጨድበት ቦታ እንጂ ሰው ደስ ብሎት የሚያድርበት አልነበረም። ልጆቼ ከትምህርት ቤት መጥተው «አሊጌተር (የአዞ ዘመድ) ያለበት ረግረግ ውሰዱን» ሲሉኝ ብዙም ልቤ አልተነሳም። አሁን ግን ሁለቴ ሄደን መጥተናል፤ ሦስተኛውንም ይዘናል። በመጀመሪያው ጉዞ ያጠፋሁት ሌላ ቤተሰብ ላይ እንዳይደገም ነው ይህን የምጽፈው።

ኦኬፈኖኪ ደቡብ ጆርጂያ ውስጥ፣ ጫፉ ፍሎሪዳ የገባ ትልቅ ረግረግ ነው። በ1937 (እዚህ ያሉት ዓመቶችና ወሮች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) የዱር እንስሳት መጠለያ ተብሎ ተከለለ፤ ክልሉ ከ400,000 ኤከር በላይ ነው። ከምንኖርበት፣ አትላንታ አጠገብ ካለው ክላርክስተን በተራ መኪና አምስት ሰዓት ግድም ይወስዳል። በኪራይ አርቪ (መኝታና ማብሰያ ባለው ትልቅ መኪና)፣ ከልጆችና ከእናቴ ጋር፣ ነዳጅና ሽንት ቤት ተጨምሮበት ሰባት ሰዓት ፈጀብን።

የመጀመሪያው ጉዟችን በሁዳዴ መጨረሻ፣ ልጆች እረፍት በወጡበት ሳምንት ነበር። ማደሪያውን የመረጥኩት በዋጋው ነው፤ በምሥራቅ በኩል፣ ፎክስተን ከምትባለው ትንሽ ከተማ አጠገብ። የጀልባ ጉብኝቱን ደግሞ ለብቻው ያዝኩ። ሁለቱም «ኦኬፈኖኪ» ስለሚል አንድ ቦታ መሰለኝ። ጠዋት ቁርስ በልተን የጀልባውን አድራሻ ስልኬ ላይ ስከፍት ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ መንገድ አሳየኝ። ጀልባው የተያዘው በምዕራቡ በር ነው። ረግረጉን አቋርጦ የሚያልፍ የመኪና መንገድ የለም፤ ዙሪያውን መዞር ግዴታ ነው። ጀልባው አመለጠን። ትንሿ ልጄ መኪና ውስጥ ስታለቅስ የተሰማኝን አልረሳውም።

እንግዲህ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ረግረጉ አንድ ቢሆንም በሮቹ ሦስት ናቸው፣ ከውስጥም በመኪና መንገድ አይገናኙም። ማደሪያ ከመፈለግ በፊት በየትኛው በር እንደምትገቡ ወስኑ።

የምሥራቁ በር፣ የፎክስተኑ፣ ግማሽ ቀን ብቻ ላለው ሰው ጥሩ ነው። በ1891 አንድ ኩባንያ ረግረጉን አድርቆ እርሻ ሊያደርገው ቦይ መቆፈር ጀምሮ ነበር። አልተሳካለትም፤ ዛሬ በዚያ ቦይ ላይ ጀልባ ይሄድበታል። በመኪና የሚዞሩበት መንገድና ወደ ማማ የሚወስድ የእንጨት መተላለፊያም አለ፤ እናቴ ጉልበቷን እያመማት እንኳ በቀስታ ሄዳበታለች። ሌሊቱን ግን አስቡበት። ወደ ፍሎሪዳ የሚወርዱ የባቡር መስመሮች ፎክስተን ላይ ነው የሚገጥሙት፤ የጭነት ባቡር ሲያልፍ የአርቪው ግድግዳ ይሰማዋል። ባቡር ለማየት ብለው ከሩቅ የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ከተማዋም መመልከቻ ሰገነት ሠርታላቸዋለች። እንቅልፉ ቀላል የሆነ ሽማግሌ ይዞ ለሚሄድ ግን አይሆንም።

ሦስተኛው በር በሰሜን፣ በዌይክሮስ ከተማ በኩል ነው፤ በዚያ አቅጣጫ ሐይቅ ያለው የሎራ ዎከር ስቴት ፓርክ (የክፍለ ግዛቱ መናፈሻ) አለ። ገና ለጀልባ ያልደረሱ ሕፃናት ላሉት ቤተሰብ ይመቻል፤ ከዚያ በላይ ስለ እርሱ የምለው የለኝም።

እኔን የገዛኝ የምዕራቡ በር ነው። ስቲቨን ፎስተር ስቴት ፓርክ የሚገኘው ከፋርጎ ከተማ 18 ማይል ገደማ ወደ ውስጥ ተገብቶ፣ መጠለያው መሐል ነው። በሁለተኛው ዓመት ያደርነው እዚያ ነው፤ ልዩነቱም የታየኝ ከመሸ በኋላ ነው። ከውጭ የሚያድር ሰው ረግረጉን የሚያየው እኩለ ቀን ላይ፣ አውሬው ጥላ ፍለጋ ሲደበቅ ነው። ውስጥ ያደረ ግን ሲነጋና ሲመሽ እዚያው ነው። ማታ ባለቤቴ ባትሪውን ወደ ውሃው ሲያበራ የአሊጌተሮቹ ዓይን እንደ ፍም ቀልቶ ታየ። ልጆቹ ከእንጨቱ መተላለፊያ መደገፊያ ሳይርቁ ቆጠሩ፤ አሥራ አንድ ደረሱ። (ምግብ መወርወር በሕግ ክልክል ነው፤ ሰው ያበላው አሊጌተር ሰውን መፍራት ይተዋል።) ፓርኩ ከ2016 ጀምሮ የጨለማ ሰማይ ፓርክ፣ ማለትም የከተማ መብራት ኮከቡን የማይጋርድበት ቦታ፣ ተብሎ የታወቀ ነው። እናቴ ነጠላዋን ተከናንባ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳለች ቀና አለችና፣ «ፍኖተ ሐሊብን እንዲህ ካየሁ ስንት ዘመኔ! አገሬ የገባሁ መሰለኝ እኮ ልጄ» አለችኝ።

ጠዋት በጀልባ ወጣን። ውሃው እንደ ሻይ ጥቁር ነው፤ ቆሽሾ ሳይሆን የቅጠልና የሥር ቀለም ወጥቶበት ነው። ነፋስ ሳይኖር ዛፎቹ ተገልብጠው ይታዩበታል። የኦኬፈኖኪ ስም «የሚንቀጠቀጥ መሬት» ማለት ነው ይባላል። ከታች የበሰበሰው ዕፅ ጋዝ ሲያበዛ ንጣፉ ተነቅሎ ይንሳፈፋል፣ ሣር ይበቅልበታል፣ ሲረግጡት አጠገቡ ያለው ቁጥቋጦ ሁሉ ይወዛወዛል። ከዚህ ሁለት ወንዝ ይነሳል፤ ሱዋኒ ወደ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ሴንት ሜሪስ ወደ አትላንቲክ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ያየሁ ሰው ነኝና ይህን ለልጆቼ ሳስረዳ አፌ ተፈታ።

ውስጥ ማደር የሚጠይቀው ጥንቃቄ ግን አለ። የመግቢያው በር ማታ ይዘጋል፤ እኛ ከቀኑ 10 ሰዓት በፊት እንድንደርስ አድርገን ነው የተነሳነው። ፋርጎ ትንሽ ናት፣ ስልክም ውስጥ ደካማ ነው። ስለዚህ ነዳጅና አስቤዛ ቫልዶስታ ከተማ ላይ ጨርሱ፣ የቦታ መያዣውንም ወረቀት አትሙ።

ስለ ኤሌክትሪክ ሰው አይነግራችሁም፤ እኔ ልንገራችሁ። ባለ 30 አምፔር መስመር 3,600 ዋት ያህል ነው የሚሰጠው። የጣሪያው ማቀዝቀዣ እየሠራ፣ የእንጀራ ምጣድ ሰክቼ፣ ላዩ ላይ የሻይ ማፍያውን ስጨምርበት ብሬከሩ ወደቀ። ያከራየን ሰው አንድ ቃል አላለንም ነበር። አሁን እንጀራውን ቤት ጋግሬ፣ በላስቲክ ለይቼ ነው የምይዘው፤ ሽሮውንም በጋዝ ምድጃ። ምጣድ የግድ ከሆነባችሁ ባለ 50 አምፔር ቦታና ይህንኑ መስመር የሚቀበል አርቪ አንድ ላይ ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ ብቻ ጥቅም የለውም።

የቦታውን ርዝመትም ከአርቪው ርዝመት ጋር አስተያዩ። የእኛ 28 ጫማ ነበር። ዛፍ በበዛበት ካምፕ ቅርንጫፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ ማዞሪያውም ጠባብ ነው። ባለቤቴ ወደ ኋላ ሲያስገባ እኔ ከኋላ ቆሜ ነው የመራሁት፤ ሃያ ደቂቃ ወሰደብን። የፍሳሽ ቱቦ እያንዳንዱ ቦታ ላይ አለ ብላችሁ አትገምቱ። ብዙ ስቴት ፓርኮች ውሃና መብራት ብቻ ሰጥተው ማፍሰሻውን መውጫው ላይ ያደርጉታል። ስለዚህ የፍሳሽ ታንኩን ባዶ አድርጋችሁ ግቡ።

ወቅቱን በተመለከተ፣ መጋቢትና ሚያዝያ ወይም ጥቅምትና ኅዳር እመርጣለሁ። በሰኔና በሐምሌ ሙቀት ትንኙና የሚናከሰው ቢጫ ዝንብ ልጅ አያስቀምጥም። በጸደይም ቢሆን ከመነሳታችሁ በፊት ስለ እሳት ደውላችሁ ጠይቁ። በሚያዝያ 2011 በመብረቅ የተነሳው እሳት ከ300,000 ኤከር በላይ በልቷል፤ የረግረጉ አፈር ራሱ ስለሚነድ ለወራት ይጨሳል። በ2017ም እንዲሁ ሆኗል። ከሰል አቀጣጥሎ ቡና ማፍላት ያሰበ ሰው የዕለቱን ክልከላ ማወቅ አለበት። እኛ ከሰሉን ትተን በጋዝ አፈላን፤ ዕጣኑ ቀረ እንጂ ሦስቱም ተጠጣ።

የጆርጂያ ስቴት ፓርኮች ቦታ ከ13 ወር በፊት ጀምሮ ይያዛል፤ በትምህርት ቤት እረፍት ሰሞን ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ለመጪው ጥቅምት የምዕራቡን በር ይዘናል፤ ሦስት ሌሊት፣ ከጀልባው መነሻ በእግር የሚደረስበት ቦታ። እናቴ ከባሕር ዳር ደውላ «ያን ኮከብ ዳግም ታሳዩኛላችሁ ወይ?» ብላለች፤ ትኬቷን ትናንት ቆረጥንላት።