ለማፊያ የተለቀሰበት ቤት

አባዬ ሰማያዊና ነጯን ላዳውን ሸጦ ቤት ከተቀመጠ ወዲህ ስራው ሌላውን ሹፌር መተቸት ነው። መስኮት ላይ ቆሞ ይተቻል። ዜና ላይ መኪና ካየ ይተቻል። የሰርግ ቪዲዮ ስናይ እንኳ ሙሽሮቹን ትቶ የሊሞዚኑን ሹፌር ነው የሚያየው። ስለዚህ ማፊያ የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም ስጫወት ከኋላዬ መጥቶ ሲቆም አልገረመኝም።

የማወራው ስለ መጀመሪያው ማፊያ ነው። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2002 የወጣው፣ ቼኮች ብርኖ ከተማ ቁጭ ብለው የሰሩት። በ2020 እንደ አዲስ ተሰርቷል፣ ግን የእኔ ኮምፒውተር አዲሱን ሊከፍት ቀርቶ ስሙን ሲሰማ ይግላል። አሮጌው ግን ሽው ነው። ታሪኩ በ1930ዎቹ አሜሪካ፣ ሎስት ሄቨን በምትባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ ነው። ቶሚ አንጄሎ የሚባል ምስኪን ታክሲ ነጂ አለ። አንድ ማታ ፖሊና ሳም የሚባሉ ሁለት ወሮበሎች ሽጉጥ ይዘው ታክሲው ውስጥ ዘው ይሉና «ንዳ!» ይሉታል። ከኋላ የባላንጣቸው የማፊያ አለቃ የሞሬሎ ሰዎች እየተኮሱ ይከተላሉ። በዚች ጦስ ቶሚ ቀስ በቀስ የእነ ፖሊ አለቃ የዶን ሳሊየሪ ሰው ይሆናል።

«ታክሲ ነው እንዴ?» አለ አባዬ። «እስቲ ተነስ።»

መጀመሪያ አውቶማቲኩን አስጠፍቶ ማርሹን በእጅ አስደረገኝ። ከዚያ ነዳ። ከኋላ ጥይት ይዘንባል፣ ሳም ቆስሏል፣ ፖሊ ይጮሃል። አባዬ ቀይ መብራት ላይ ቆመ።

«አባዬ ንዳው እንጂ! ሊገድሉህ እኮ ነው!»

«መብራቱን አታይም?»

እርግጥ ጌሙም ለእሱ ያደላል። ከተማ ውስጥ በሰዓት ከ40 ማይል በላይ፣ ማለትም ከ64 ኪሎ ሜትር ምናምን በላይ ከነዳህ ወይም መብራት ከጣስክ፣ ፖሊስ አስቁሞ ይቀጣሃል። ብዙ ሌሎች ጌሞች ላይ መብራት ጥሰህ ብትሄድ ዞር ብሎ የሚያይህ የለም። እኔ በዚህ ህግ ተናድጄ ኪቦርድ ደብድቤያለሁ። አባዬ ግን «አገር ማለት እንዲህ ነው!» አለ፣ ግማሹ ነዋሪ መትረየስ ይዞ የሚዞርበትን ከተማ እያየ።

ሳሊየሪ ለተበሳሳችው ታክሲ በዚያው ማታ በፖስታ ገንዘብ ሲልክማ ልቡ ጠፋ። «የትኛው ኢንሹራንስ ነው በዚያው ማታ የሚከፍለው?» በማግስቱ ቶሚ ተሳፋሪ እያመላለሰ ሳለ የሞሬሎ ጎረምሶች መጥተው መኪናውን ሲሰባብሩበት ደግሞ አባዬ ከወንበሩ ተነሳ። ሰውዬው ሲደበደብ ምንም አላለም። መስታወቷ ስትረግፍ ነው የጮኸው። «ግባ! አሁኑኑ ሂድና ማፊያ ሁን!»

እንዲህ ተጀመረ። እንግሊዝኛው ስለማይገባው እኔ አስተርጓሚ ሆንኩ። የመኪና ውድድሩን ይሄን ጌም የነካ ሁሉ ያውቀዋል፣ ሰው በእሱ ምክንያት ጌሙን ጥሎ ሄዷል፣ ሰሪዎቹ ራሳቸው በኋላ ማቅለያ ለቀውለታል። አባዬ እዚያ ጋ ሲደርስ «ፍሬቻው የቱ ጋ ነው?» አለኝ። ውድድሩን እሱ ሲተኛ ጠብቄ ራሴ ጨረስኩለት።

ከዚህ በኋላ መጨረሻውን ልናገር ነው። ጌሙን ያልጨረሰ ካለ ከ20 ዓመት በላይ ጠብቄዋለሁ፣ ከዚህ በላይ አልችልም። ሳሊየሪ ልጆቹን ይከዳቸዋል። ሲጋራ ነው ብሎ ባዘረፋቸው ሳጥን ውስጥ አልማዝ ደብቆ ኖሯል። ቶሚና ፖሊ ተናደው ለራሳቸው ብለው ባንክ ይዘርፋሉ፣ ፖሊ ቤቱ ውስጥ ተገድሎ ይገኛል፣ አባዬ ያን ዕለት እራት አልበላም። ቶሚ በ1938 ለአንድ መርማሪ ፖሊስ ሁሉን ዘርዝሮ ይናገርና ፍርድ ቤት ይመሰክራል።

የመጨረሻውን ተኩስ የጨረስን ቀን እሁድ ነበር። ውሃ መጥቷል። ውሃ በመጣ ቀን ሻወር ደግሞ አይታለፍም። «በቃ አለቀ፣ የቀረው ወሬ ነው» ብዬው ገባሁ።

ሳሙናውን ጭንቅላቴ ላይ እንዳደረግኩ የእማዬ ጩኸት ተሰማ። የተራ ጩኸት አይደለም። «ወይኔ ልጄን!» የሚል ነው።

ለካ የመጨረሻዋን ትዕይንት አባዬ ብቻውን አይቷታል። ዓመቱ 1951 ነው። ያረጀው ቶሚ ደጁ ላይ ሳር ውሃ ሲያጠጣ ሁለት ሰዎች ከመኪና ወርደው በጠመንጃ ይደፉታል። አባዬ ደንግጦ «ቶሚን ገደሉት! በገዛ ደጁ!» ብሏል። እማዬ ደግሞ አዳማ የሚኖር የእህት ልጅ አላት። ስሙ ቶማስ ነው። ቶሚ ነው የምንለው።

ፎጣ አገልድሜ ስወጣ ጎረቤታችን ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሳሎን ገብታለች። ሌሎቹም ከኋላዋ። እኔ ተመልሼ ሳሙናዬን ላጥብ ስል ውሃው ሄዷል። ሱሪ አጥልቄ አረፋ በአረፋ ሆኜ ብቅ ስል «ይሄ ልጅ በሐዘን ራሱን ስቷል» አሉ።

እማዬ አዳማ ትደውላለች፣ ስልኩ ዝግ ነው። ዝግ መሆኑ ሐዘኑን አጸናው። አባዬ ስክሪኑ ላይ እንዳፈጠጠ ነው።

«ጋሼ፣ እነማን ናቸው የገደሉት?»

«ሁለት ናቸው። ባርኔጣ ያደረጉ። አለቃው ነው የላካቸው።»

«ምን አድርጓቸው?»

«መስክሮባቸው ነበራ! 13 ዓመት ሙሉ ቂም ይዘው ቆይተው!»

«አዬ፣ ምነው አርፎ ቢቀመጥ!»

እኔ «ቆይ፣ ቆይ፣ ጌም ነው» እላለሁ፣ የሚሰማኝ የለም። የእድሩ ዳኛ ደግሞ ደብተራቸውን ይዘው ደረሱ። ለቅሶው ጋብ ሲል ጠብቀው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ በእድራችን ደንብ ለእህት ልጅ ድንኳን እንደማይወጣ፣ ወንበር ግን እንደሚፈቀድ አስረዱ። እማዬ በእንባዋ መሀል «እንደ ልጄ እኮ ነው ያሳደግኩት» ብላ ስለ ድንኳኑ መከራከር ጀመረች።

ነገሩን ያፈረሰችው ያችው ጎረቤታችን ናት።

«የት ቆሞ ነው የመቱት?»

«ሳር እያጠጣ።» አለ አባዬ።

ዝም አለች። አሰበች። «የምን ሳር? ቶሚ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ አይደል እንዴ የሚኖረው? መቼ ነው ግቢ ያለው ቤት የገዛው?»

ሰው ሁሉ ልቅሶውን ትቶ እማዬን አያት። እውነቴን ነው፣ ቤት መግዛቱን የደበቀችን ነው የመሰላቸው። እንዲህ ተፋጠን ሳለን ስልኩ ጮኸ። ቶሚ ነው። ባትሪ ዘግቶበት ኖሯል። እማዬ እልል አለች፣ ቀጥላ ሰደበችው፣ ቀጥላ ወደ አባዬ ዞረች። ለአባዬ ያለችውን እዚህ አልጽፈውም፣ ልጆችም ያነባሉ።

ሰው ግን አልሄደም። ቡናው ተቆልቷል፣ ቆሎ ቀርቧል። አባዬም «ቆይ፣ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ» ብሎ ከታክሲዋ ጀምሮ አወራላቸው። ሁለተኛው ቡና ላይ ፖሊ ሞተ። ቅድም የደረቀ እንባ ተመልሶ መጣ። የእድሩ ዳኛ ስለ አልማዙ ሲሰሙ «ይሄ ሰውዬ የማህበር ገንዘብ አይያዝም» ብለው ሳሊየሪ ላይ ፈረዱ። ጎረቤታችን አሁንም ድረስ መንገድ ላይ ስታገኘኝ «የዚያ የታክሲ ነጂው ሚስት ነገር እንዴት ሆነ?» ትለኛለች።

ሁለተኛውን ማፊያ፣ በ2010 የወጣውን፣ የጫንኩለት ሐዘኑ እንዲወጣለት ብዬ ነው። ከተማዋም ሌላ ናት፣ ሰውየውም ቪቶ የሚባል ሌላ ሰው ነው። በጣም ወደደው። መኪኖቹ ሬዲዮ አላቸው፣ ነዳጅ ይጨርሳሉ፣ ማደያ ገብተህ ትሞላለህ። «ይሄኛው ስራ ያውቃል» አለ። እያለ እያለ ቪቶና ጓደኛው ጆ እዳ ውስጥ ይገቡና ለገንዘብ ሲሉ ሰው ለመግደል ይስማማሉ። አባዬ ጆን አስቀምጦ ቀስ እያለ ይነዳል። እኔ ወዴት እንደሚሄዱ አውቃለሁ። ሁለቱ ባርኔጣ ያደረጉት ሰዎች እነማን እንደሆኑም አውቃለሁ። አላስቻለኝም፣ ነገርኩት።

ፍሬን ያዘ። ዳር አወጣ። ሞተሩን ግን አላጠፋም።

«ንገረው» አለኝ ጆን እያሳየኝ፣ «ሂሳቡን ከፍሎ ይውረድ።»

«አባዬ፣ እሱን ካልነዳህ ጌሙ አይቀጥልም።»

«አይቀጥል። ቤንዚኑ ሲያልቅ በእግሩ ይሄዳል።»