የልደቱ ወሬ በስንት ሰዓት ይደርሳል?

ጨቅላ አብዝቶ የሚሞተው በመጀመሪያው ወሩ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች 48ቱ ዓመት ሳይሞላቸው ሲሞቱ 29ኙ ወር እንኳ አልደፈኑም። እኛ ግን ድሬዳዋ ዙሪያ ባሉ የገጠር ቀበሌዎችና ሐረር ጀጎል ውስጥ የማኅበረሰብ ጤና ሥራን መደገፍ ስንጀምር ገንዘቡን ያፈሰስነው በአዳራሽ ሥልጠና፣ በፖስተርና በቲሸርት ላይ ነበር። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አራስ ቤት መግባት ያለባት በመጀመሪያው 24 ሰዓት፣ በ3ኛው ቀን፣ በ7ኛው ቀንና በ6ኛው ሳምንት ነው። መዝገቡን ስንገልጥ የመጀመሪያው ጉብኝት ብዙ ጊዜ የተደረገው ከሳምንት በኋላ ሆኖ አገኘነው። ሠራተኛዋ ሰንፋ አይደለም፤ ልጅ መወለዱን የነገራት ሰው የለም። ከዚያ ወዲህ የድጋፋችን ዋና ሥራ ወሬው ቶሎ እንዲደርሳት ማድረግ ሆነ።

መነሻው ቆጠራ ነው። በገጠር ከ1,000 ሰው በዓመት ቢያንስ 30 ያህል ልደት ይጠበቃል፤ ከተማ ላይ ቁጥሩ ይቀንሳል። እንግዲህ 5,000 ሰው በሚኖርበት የገጠር ቀበሌ በወር 12 ወይም 13 ልጅ መወለድ አለበት። መዝገቡ ላይ 6 ብቻ ካለ፣ ግማሹ ሳይታወቅ እየተወለደ ነው ማለት ነው። ለእያንዳንዷ እርጉዝ የመውለጃ ወሯን፣ የቤቷን ምልክትና የሁለት ሰው ስልክ እንጽፋለን። አንዱ ስልክ የጎረቤት ሴት መሆን አለበት፤ ባል ገበያ ወይም እርሻ ላይ ከሆነ ስልኩም አብሮት ነው።

ወሬ አምጪውን ከየሰፈሩ ልማድ ፈልጉ። ጀጎል ውስጥ ለሠርግና ለሐዘን የሚሰባሰበው የሴቶች አፎቻ ማን ምጥ እንደያዛት ከማንም ቀድሞ ያውቃል። ድሬዳዋ ከተማ እድር አለ፤ ገጠር የልምድ አዋላጅ አለች። የልምድ አዋላጇን ማስፈራራት ከሠራናቸው ስህተቶች ሁሉ የከፋው ነበር። ቤት ውስጥ የተወለደውን ልጅ እንድትደብቅ አደረጋት፤ እናቲቱም አብራ ተደበቀች። አሁን ድርሻዋ ተለይቷል፦ እርጉዟን አጅባ ጤና ጣቢያ ማድረስ፣ ካልተቻለ ደግሞ በዚያው ሰዓት መደወል።

በየልደቱ መክፈልም አላዋጣንም። ሁለት ሰዎች በአንድ ሕፃን ወሬ ይጣላሉ፤ ክፍያው ሲዘገይ ወሬውም አብሮ ይቀራል። ለሠራተኛዋ በየወሩ የስልክ ካርድ መሙላት ይሻላል። ለወሬ አምጪዋ ሚስኮል ብቻ ይበቃታል፤ መልሳ የምትደውለው ሠራተኛዋ ናት። አራስ ቤት ሲገባ ደግሞ ቤተሰቡ የሚያውቃት ሴት አብራ ትግባ፤ ለማያውቁት ሰው አራስና ጨቅላ የማያሳዩ ቤቶች ብዙ ናቸው። ወደ ሐኪም የመሄዱን ነገር የሚወስነው አባት ከሆነ ጉብኝቱ ከቀትር በፊት ይሁን። ድሬዳዋ ላይ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱም በርጫውም ሰው አያስገኝም።

በጉብኝት ቦርሳ ውስጥ ዲጂታል ቴርሞሜትር ከትርፍ ባትሪ ጋር፣ ሰኮንድ የሚቆጥር ሰዓት፣ ሚዛንና እትብት እንዳያመረቅዝ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን ይኖራል። አተነፋፈስ የሚቆጠረው ልጁ ጸጥ ባለበት፣ ሙሉ አንድ ደቂቃ ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት የጨቅላን ትንፋሽ ያሳስታል፤ እያረፈ እየፈጠነ ነውና የሚተነፍሰው። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድጋሚ ይቆጠራል፤ ሁለተኛውም እንደዚያው ከሆነ የአደጋ ምልክት ነው። ጡት አለመጥባት፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲተነፍስ ደረቱ ክፉኛ ወደ ውስጥ መሰርጎድ፣ ካልነካኩት አለመንቀሳቀስ፣ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ትኩሳት ወይም ከ35.5 በታች ቅዝቃዜም እንዲሁ። የተንጠልጣይ ሚዛን ምንጭ ቶሎ ይላላል፤ የታሸገ የ2 ሊትር ውሃ በየሳምንቱ እየሰቀላችሁ 2 ኪሎ ገደማ ማሳየቱን አረጋግጡ።

ሁለቱ ከተሞች ቅርብ ለቅርብ ሆነው አየራቸው ግን ለየቅል ነው። ሐረር ሌሊቱ ይበርዳል፤ እዚያ የምንፈራው ተወልዶ ወዲያው የታጠበውን ልጅ ነው። መታጠቡ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቆይ፤ ቀላል ኪሎ ያለው ደግሞ ልብሱ ወልቆ፣ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሶ ከእናቱ ደረት ጋር ገላ ለገላ ይታቀፍ። ድሬዳዋ ላይ በዚያ ሙቀት ሦስት ጨርቅ የተጠቀለለ ሕፃን ይገጥማል። ሙቀቱ ከፍ ብሎ ከታየ ጨርቁን አላልታችሁ ጥቂት ቆይታችሁ ድገሙት፤ ካልወረደ ወይም ሌላ ምልክት ካለ ግን አትጠብቁ።

ድሬዳዋ ላይ ከሁሉ የከበደን ክርክር ውሃ ነው። «በዚህ ሙቀት ልጁ ይጠማዋል» ይባላል፤ ስኳር የተበጠበጠበት ውሃ በማንኪያ ይሰጠዋል። «አትስጡ» ማለት ብቻ ማንንም አያሳምንም። የጡት ወተት ከመቶ 88 ያህሉ ውሃ መሆኑን ነግረን፣ በቀን ስንት ጊዜ ሽንት እንዳረጠበ እናቲቱ ራሷ እንድትቆጥር እናደርጋለን። ከመጀመሪያው ሳምንት በኋላ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ ካረጠበ አልጠማውም። ውሃ መጠጣት ያለባት እናት ናት፤ ለእሷ ጣሳውን አጠገቧ አኑሩላት። እንገሩን «የቆሸሸ ወተት» ብለው እንዳያፈሱት አያቲቱን ቀድሞ ማሳመን ይሻላል፤ አራሷን የምታርሰው እሷ ናት።

ክሎርሄክሲዲን በእትብቱ ጫፍና ዙሪያ በቀን አንድ ጊዜ ለ7 ቀን ይቀባል። አደጋው ቱቦው ላይ ነው፤ ከቴትራሳይክሊን የዓይን ቅባት ጋር ይመሳሰላል። በአፍሪካ አገሮች ዓይን ውስጥ ተቀብቶ ሕፃናትን የጎዳበት አጋጣሚ ተመዝግቧል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ቦርሳ አትያዙ፤ የመጀመሪያውን ቅብ እናቲቱ ፊት ራሳችሁ ቀቡ፤ ሁለተኛውን እሷ እየቀባች እዩ። ዓይን ከነካ ወዲያው በብዙ ንጹሕ ውሃ አጥባችሁ ወደ ሐኪም ውሰዱት።

የአደጋ ምልክት ያለበት ልጅ ሆስፒታል ይላካል። ሪፈር ወረቀት ብቻ ሰጥቶ መሸኘት ግን ልጁን ቤቱ መመለስ ነው። ሌሊት የሚነሳ ሁለት ባጃጅ ነጂ አስቀድማችሁ ተዋዋሉ፤ ዋጋው ይጻፍ፣ ገንዘቡ በአፎቻ ወይም በእድር ገንዘብ ያዥ እጅ ይቀመጥ። መንገድ ላይ ልጁ ገላ ለገላ ታቅፎ እየጠባ ይሂድ። ቤተሰቡ መሄድ ጨርሶ ካልቻለ ጤና ኬላው ላይ ለ7 ቀን ጄንታሚሲን በመርፌ፣ አሞክሲሲሊን በአፍ ይሰጣል። እዚህ ላይ መድኃኒት ሲገባ የጄንታሚሲኑን ብልቃጥ አንብቡ፦ ለጨቅላ በ2 ሚሊ ሊትር 20 ሚሊ ግራም ያለው ነው የሚፈለገው። በዚያው 2 ሚሊ ሊትር 80 ሚሊ ግራም የያዘው ከተላከ፣ በለመደ እጅ የተለካው መጠን አራት እጥፍ ይሆናል።

ሞትንም ቁጠሩ፤ ይህ ከሁሉ ያስለቀሰን ክፍል ነው። ስም ያልወጣለት ጨቅላ ለቅሶ ሳይደረስለት ይቀበራል፤ መዝገብ ላይም «ሞቶ ተወለደ» ተብሎ ያልፋል። እናቲቱን ቀስ ብላችሁ፣ ሰው በሌለበት ጠይቋት፦ አልቅሶ ነበር? ተንፍሶ ነበር? ለአንድ አፍታስ ተንቀሳቅሶ ነበር? ከሦስቱ አንዱ ካለ በሕይወት ተወልዷል፤ ሞቱም የጨቅላ ሞት ሆኖ ይጻፋል። ይህ ካልተለየ የምጥ ጊዜ ችግር ይሁን ከወሊድ በኋላ የመጣ ኢንፌክሽን አይታወቅም፤ የቀጣዩ ዓመት ገንዘብም ያለቦታው ይሄዳል።

በየወሩ መጨረሻ መዝገቡን ሳንይዝ አምስት አራስ ቤቶች እንገባለን። ለእናቲቱ ሁለት ጥያቄ ብቻ አለን፦ ልጁ በተወለደ በስንተኛው ቀን ሰው መጣ? ልጁን ገልጦ አየው ወይስ በር ላይ ጠይቆ ሄደ? መልሷን ከመዝገቡ ጋር የምናመሳክረው ከወጣን በኋላ፣ ከሠራተኛዋ ጋር አብረን ተቀምጠን ነው። ያልገጠመ ካለ መጀመሪያ የምናጣራው ሚስኮሉ በስንት ሰዓት እንደተደረገና በዚያ ቀን ስልኳ ላይ ካርድ እንደነበረ ነው።