ቅዳሴ ሲወጣ አረንጓዴው አጠረ

ዋናው መንገድ ባለስድስት መስመር ነው። እያንዳንዱ መስመር 3.5 ሜትር፣ መሀል ላይ ያለው አካፋይ 3 ሜትር፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 24 ሜትር። አማካሪው ያቀረበው የመብራት ዕቅድ እግረኛ በሰከንድ 1.2 ሜትር ይራመዳል ብሎ ይነሳል። ስለዚህ ለመነሻ 7 ሰከንድ አረንጓዴ፣ ከዚያ ምልክቱ እየበራ እየጠፋ ለማቋረጫ 20 ሰከንድ፣ ባጠቃላይ 27 ሰከንድ ሰጠ። አንዱ ሙሉ ዙር 120 ሰከንድ ነው። የእግረኛው ሰዓት ከመጋቢው መንገድ (ወደ ዋናው ከሚገባው የጎን መንገድ) አረንጓዴ ጋር አብሮ ይሄዳል፤ ለእግረኛ የሚጨመር ከዋናው መንገድ ላይ ይቀነሳል።

ቆጠራው እንደተለመደው ከማክሰኞ እስከ ሐሙስ ባሉት ቀናት ተሠራ። ሰኞና ዓርብ የትራፊክ ጠባያቸው ስለሚለይ ይዘለላሉ፤ በዚህ የሚከራከር የለም። ግን ከማቋረጫው አለፍ ብሎ የማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች። በተቆጠሩት ቀናት ውስጥ 21 አልነበረም።

መብራቱ ሥራ በጀመረ በመጀመሪያው 21 ቅዳሴ ሲወጣ የሆነውን የነገረን እዚያ የቆመው የትራፊክ ፖሊስ ነው። በኋላ እኛም ሄደን አየን። በሰከንድ 0.8 ሜትር የሚራመዱ እናት በአረንጓዴው መጨረሻ ላይ ቢነሱ፣ በቀሪው 20 ሰከንድ 16 ሜትር ይሄዳሉ። ያ ማለት አካፋዩን አልፈው፣ ከወዲያኛው አቅጣጫ የመጀመሪያው መስመር ላይ እያሉ ለመኪናው ይበራል። አካፋዩ ላይ ለምን አይቆሙም የሚል ይኖራል። የሚበራ የሚጠፋውን ምልክት ያየ ሰው መሀል መንገድ ላይ ቆሞ ሌላ አንድ ዙር ሙሉ ከመጠበቅ መፍጠንን ይመርጣል፤ ከኋላ የሚመጣው ሕዝብም ይገፋል።

ፖሊሱ «እማማ፣ ቶሎ ቶሎ ይበሉ!» ይላል። ነጠላ ያጣፉ፣ ከዘራ የያዙ ሴት ቀና ሳይሉ «እግሬ በቻለው እየሄድኩ ነው እኮ ልጄ» አሉት። እጁን ዘርግቶ ሦስቱንም መስመር አስቆመላቸው። ቆመው ከነበሩት አንዱ ሚኒባስ ጥሩንባውን አላቋረጠም።

ልኬቱ ከባድ አይደለም። ሁለት ሰው፣ አንድ ስቶፕዋች፣ በሁለቱም ጠርዝ የኖራ መስመር። የሮጠውንና መሀል ላይ የቆመውን ትተዋለህ፤ ከዘራ የያዘ፣ ልጅ ያዘለ፣ ዕቃ የተሸከመ ግን አይቀርም። ከዚያ ፍጥነቱን ከቀርፋፋው ጀምረህ ትደረድርና 15 በመቶው ላይ ያለውን ትወስዳለህ። አማካዩን ከወሰድክ ግማሹ ሕዝብ አስፋልት ላይ እያለ መብራቱ ይቀየራል። በ21 ቀን ያገኘነው 0.8 ነው።

ስብሰባው ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ የሰርቬየራችን ነበር። «ኢንጂነር፣ ይቺ 1.2 ከየት መጣች?»

«ከአሜሪካው መመሪያ ነው የወሰድናት።»

«መመሪያው ራሱ በ2009 እ.ኤ.አ. ትቷታል። ከ4 ጫማ ወደ 3.5 ጫማ ወርዷል፤ 1.07 ሜትር ገደማ ነው።»

አማካሪው ወደዚያ አልሄደም፤ እስክሪብቶውን አወጣ። «10 ሰከንድ ስጨምር ከዋናው መንገድ በአንድ መስመር በሰዓት 150 መኪና እቀንሳለሁ። ሰው እኮ መብራቱን ይለምደዋል።»

«መብራቱን ይለምዱታል ኢንጂነር። ጉልበት ግን በልማድ አይመጣም።»

150 የሚለው ሒሳብ ልክ ነው፤ ሰልፉ እስከ መጨረሻው ሰከንድ ሲሞላ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ይሞላል። ቅዳሴው እዚያ የሚወጣው 3 ሰዓት አካባቢ ነው። በዚያ ሰዓት የዋናው መንገድ አረንጓዴ የመጨረሻ ሰከንዶቹን ባዶ አስፋልት ላይ ነው የሚያባክነው። አማካሪው ይህን ከራሱ የቆጠራ ሰንጠረዥ ላይ ሊያነበው ይችል ነበር፤ ሰንጠረዡ ፊቱ ተዘርግቶ ነበር። መንገድ የሚለካው በጥድፊያው ሰዓት ብቻ ሲሆን የተቀረው ቀን ባለቤት ያጣል፤ ደካማና አዛውንት ከቤት የሚወጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በተቀረው ቀን ነው።

ዙሩን ወደ 90 ሰከንድ እናሳጥር የሚል ሐሳብም ተነስቶ ነበር። የእግረኛው አማካይ ጥበቃ ከ53 ወደ 38 ሰከንድ ይወርዳል፤ ይህም ዋጋ አለው፤ ከ30 ሰከንድ በላይ የጠበቀ እግረኛ ትዕግሥቱ አልቆ በቀይ መግባት ይጀምራል። ግን የመጋቢውና የዋናው ድርሻ በጥድፊያ ሰዓት አልበቃ አለ፤ ቀረ።

ስምምነቱ በሁለት ዕቅድ አለቀ። በዘወትር 1.0 ሜትር፣ ማለትም 31 ሰከንድ። በ21 ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት 0.8 ሜትር፣ 37 ሰከንድ። አማካሪው ፈረመ።

የቀረው ሥራ ኮንትሮለሩ፣ መብራቱን የሚያዘው ማሽን፣ ላይ ነው። ማሽኑ የሚያውቀው የፈረንጁን ቀን ነው፤ «በየወሩ በ21» ብለህ ልታዘው አትችልም። መስከረም 21 ኦክቶበር 1፣ ጥቅምት 21 ኦክቶበር 31፣ ኅዳር 21 ኖቬምበር 30፣ የካቲት 21 ፌብሩዋሪ 28 እያሉ ዓሥራ ሁለቱንም በልዩ ቀን ሰንጠረዥ አንድ በአንድ በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ጳጉሜን 6 የሆነች ዓመት ስታልፍ ደግሞ በቀጣዩ ዓመት ከመስከረም እስከ የካቲት ያሉት በአንድ ቀን ይገፋሉ። ሰንጠረዡ የተሞላው ለአንድ ዓመት ነው። በየጳጉሜው ማን እንደሚሞላው በርክክቡ ሰነድ ላይ ይጻፍ ብለን ጠይቀን ነበር፤ ቦታው አሁንም ክፍት ነው።