27.9 ወይስ 1.8? የስኪዞፍሬንያ ካርዶችን ቆጥሮ ስለ መርሳት መናገር

በ2015 የታተመ የዴንማርክ ጥናት፣ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው ሰዎች እስከ 65 ዓመታቸው ድረስ የመርሳት በሽታ የሚመዘገብባቸው 1.8 በመቶ ናቸው ይላል፤ ሕመሙ ከሌለባቸው ደግሞ 0.6 በመቶ። በ2021 የወጣ የአሜሪካ ጥናት በ66 ዓመታቸው 27.9 በመቶ ይላል፤ ከሌሎቹ 1.3 በመቶ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የዴንማርክና የአሜሪካ ሕሙማን አንጎል ይህን ያህል አይራራቅም። የተራራቀው ካርዱ ነው፤ በካርድ ላይ ተመሥርቶ የእነዚህን ሕሙማን መርሳት ለማጥናት ለሚነሳ ሰው ጥንቃቄዎቹ እነዚህ ናቸው።

የዴንማርኩ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆኑ 2.8 ሚሊዮን ሰዎችን ከ1995 እስከ 2013 ተከታትሎ፣ አዲስ የተመዘገበን የመርሳት በሽታ ይቆጥራል። የአሜሪካው ለሜዲኬር (ለመንግሥት የአረጋውያን ጤና መድን) በቀረበ የክፍያ ሰነድ ላይ የበሽታው መለያ ኮድ ያለበትን ሁሉ፣ ቀድሞ የተመዘገበበትንም ጨምሮ ይቆጥራል። አንዱ በበር የሚገባውን ቆጠረ፣ ሌላው ቤት ውስጥ ያለውን። የክፍያ ኮድ ደግሞ የሚጻፈው ገንዘብ ለመጠየቅ እንጂ ለተመራማሪ ተብሎ አይደለም።

በአሜሪካ መረጃ የሚሠራ ሰው አንድ ወጥመድ ይጠብቀዋል። ከ2012 ጀምሮ መንግሥት በአረጋውያን መንከባከቢያዎች የሚሰጠውን የሳይኮሲስ (ከእውነታ የመራቅ ሕመም) መድኃኒት ለመቀነስ ቁጥጥር ሲጀምር፣ ስኪዞፍሬንያ ያለበት ሰው ከቆጠራው ውጪ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ በመንከባከቢያዎቹ የስኪዞፍሬንያ ኮድ መብዛቱን የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች ራሳቸው ጽፈዋል። መርሳት ያለባቸው አዛውንት በወረቀት ላይ ስኪዞፍሬንያ ሲጨመርባቸው፣ ጥናቱ የኋላውን ከፊት አድርጎ ያነባል። መከላከያው ቀላል ነው፤ የስኪዞፍሬንያ ኮድ የሆነው ኤፍ 20 ቢያንስ በሁለት የተለያዩ ቀናት የተጻፈለት፣ የመጀመሪያውም 60 ዓመት ሳይሞላው የሆነ ሰው ብቻ ይግባ። ከ60 በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታይ ሳይኮሲስ ራሱ የመርሳት በሽታ ጅማሬ ሊሆን ይችላል።

ኮድ የሚነግረን ሰውየው መስመሩን አለፈ ወይስ አላለፈ የሚለውን ነው። የማሰብ አቅም መዳከም ግን ቁልቁለት ነው፤ በቁልቁለቱ ለማየት ነጥብ ያስፈልጋል። ነጥቡ ያለው ሐኪሙ በራሱ ቃላት በጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ነው። በደቡብ ለንደን ያለው የሞድስሊ የአእምሮ ሕክምና ተቋም ክሪስ የሚባለውን፣ የሕሙማንን የኮምፒውተር ካርድ ለምርምር የሚያቀርብ ሥርዓት የዘረጋው ለዚህ ዓይነት ሥራ ነው። ስምና አድራሻ ተሸፍኖ፣ ማስታወሻዎቹ ጌት በሚባል ጽሑፍ አንባቢ ሶፍትዌር ይፈተሻሉ። መጀመሪያ ከተሞከሩት ነገሮች አንዱ ኤምኤምኤስኢ የሚባለውን፣ ማስታወስንና ማሰብን የሚለካ የ30 ነጥብ ፈተና ውጤት ማውጣት ነበር።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ይቀላል። «24/30» ውጤት ነው፤ «24/10/08» ቀን ነው፤ ጥንቃቄ የሌለው ፕሮግራም ሁለቱንም ይለቅማል። «አምና 27 ነበረ፣ አሁን 24» የሚል ዓረፍተ ነገር ሁለት ቁጥር አለው፣ ማስታወሻው የተጻፈበት ቀን ግን አንድ ነው፤ 27ን በዛሬ ቀን ካስገባህ መዳከሙ ይጠፋል። «22/27» ካየህ ታካሚው ማየት ወይም መጻፍ ስላልቻለ ጥያቄ ተዘሎለታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ወደ 30 አታባዛው፣ ምልክት አድርገህ ለይተህ አስቀምጠው። ከሁሉ የሚከፋው ግን ቅጂ ነው። ሐኪሙ ያለፈውን ማስታወሻ ገልብጦ ይለጥፋል፤ አንድ ነጥብ በአምስት ቀጠሮ ይደጋገማል፤ ታካሚው «ለሦስት ዓመት አልተዳከመም» ተብሎ ይጻፋል። ከነጥቡ በፊትና በኋላ ያሉት ቃላት ሳይለወጡ ከተደገሙ፣ የመጀመሪያውን ብቻ ያዝ።

ወደ ትንተና ከመሄድህ በፊት 200 ያህል ማስታወሻዎችን በዕጣ አውጥተህ ለሁለት ሰዎች ስጥ፤ ሳይነጋገሩ በእጃቸው ያንብቡ። ፕሮግራሙ ካወጣቸው ነጥቦች ከአሥሩ ዘጠኙ እንኳ ትክክል ካልሆኑ ወደ ኋላ ተመለስ። የሚያመልጡት ነጥቦች ቁጥር ያን ያህል አያስጨንቅም፤ የሚያመልጡት በተለይ ዝቅተኞቹ ካልሆኑ ማለት ነው።

ፈተናው ራሱም ለዚህ ሕመም ልክ የተሰፋ አይደለም። ስኪዞፍሬንያ በብርቱ የሚነካው የማሰብን ፍጥነት፣ ማቀድንና ነገርን በአእምሮ ይዞ መሥራትን ነው፤ ኤምኤምኤስኢ እነዚህን እምብዛም አይለካም። ሞካ የሚባለው ሌላ ፈተና የተሻለ ነው፤ ግን እሱም ከ30 ስለሆነ ብቻ ሁለቱን በአንድ ዓምድ መደባለቅ ነጭ ስህተት ነው። የትምህርት ደረጃም ነጥቡን ያወርዳል፣ ያወጣል። እንግሊዝኛው ፈተና አምስት ፊደል ያለውን «ወርልድ» ከኋላ ወደ ፊት አስነብብ ይላል፤ በእኛ ፊደል «ዓለም» ተገልብጦ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። ቋንቋ የተለወጠበት ፈተና ነጥቡ እኩል ነው ብሎ የሚያምን አይኑር።

አሁን ዋናው ጉዳይ፦ የተፈተነው ማን ነው? ሐኪም ይህን ፈተና የሚያወጣው አንድ ነገር ሲያሳስበው ነው። ስለዚህ ነጥብ ያለው ሰው ቀድሞ የተጠረጠረ ነው። ካርድ ጨርሶ የሌለውም አለ። በኢትዮጵያ የተሠራው የቡታጅራ የአእምሮ ሕመም ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት ሄዶ የጠየቀው፣ ሕሙማኑን በሆስፒታል ካርድ ማግኘት ስለማይቻል ነው። በካርድ የሚሠራ ሰው ቢያንስ ነጥብ ያላቸውንና የሌላቸውን በዕድሜ፣ በጾታ፣ በሆስፒታል ቆይታና በመድኃኒት አነጻጽሮ ሠንጠረዡን ማሳየት አለበት። ይህ ሠንጠረዥ የሌለበትን ጽሑፍ እኔ ከዚያ በላይ አላነብም።

መድኃኒቱ ብቻውን ነጥብ ይጥላል። ለመንቀጥቀጥ የሚሰጠው ትራይሄክሲፌኒዲል፣ በተለምዶ አርቴን የምንለው፣ ማስታወስን ያደበዝዛል፤ የሳይኮሲስ መድኃኒቱ ክሎዛፒንም በራሱ ያንኑ የአንቲኮሊነርጂክ ጫና፣ ማለትም ለማስታወስ የሚያገለግለውን የአንጎል ኬሚካል የማገድ ጫና፣ ይጨምራል። በእያንዳንዱ ነጥብ ቀን ላይ ታካሚው ምን ይወስድ እንደነበር ካልተያያዘ፣ መጠኑ የተቀነሰለት ሰው «ከመርሳት ዳነ» ይባላል። ሕመሙ አገርሽቶ ተኝቶ በሚታከምበት ሳምንት የተወሰደ ነጥብም ከመነሻው ይውጣ።

ለቁልቁለቱ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መነሻና የራሱን ዝቅታ የሚሰጥ ሚክስድ ሞዴል የሚባለውን የስታቲስቲክስ ስሌት ተጠቀም፤ በአንድ ሰው ቢያንስ ሦስት ነጥብ፣ በመካከላቸውም ስድስት ወር ቢኖር ይመረጣል፤ ቶሎ ቶሎ የተፈተነ ሰው ጥያቄዎቹን ይለምዳቸዋልና። ከሁለት ፈተና ብቻ የተገኘ የ2 ወይም የ3 ነጥብ ልዩነት የዕለቱ እንቅልፍና ስሜት ሊያመጣው የሚችል ነው። በስኪዞፍሬንያ የተያዙ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ከአሥር ዓመት በላይ ቀድመው ስለሚሞቱ፣ ሞትን እንደ ተራ መቋረጥ የሚቆጥረው የካፕላን ማየር ስሌት የመርሳትን ዕድል ያጋንናል፤ ሞት ተፎካካሪ ክስተት፣ ማለትም መርሳት ሳይመጣ የሚቀድም ክስተት፣ ሆኖ ይግባ። ሰማንያ የደረሱት በልብ በሽታም፣ በትምባሆም፣ በስኳርም ያልሞቱት ናቸው፤ ከሰማንያ ዓመት ጎረቤታቸው ጋር ሲነጻጸሩ ይህን ይዘው ነው።