ከመቀመጫው ስር

ዛሬ እሁድ ነው። ከቅዳሴ መልስ እማዬ ጋደም ብላለች። እኔ ወጥ ቤት ጠረጴዛው ላይ ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ስድስት ሳምንት ሙሉ ያንገላታኝን ነገር ጽፌ ካልጨረስኩት አይለቀኝም።

የድሮዋ መኪናዬ የካቲት መጨረሻ ላይ ካምቢዮዋ ሄደ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «እህቴ፣ ማሠሪያው ከመኪናዋ ዋጋ ይበልጣል። አትልፊ» አለኝ። እኔ ደግሞ ያለ መኪና አንድ ቀን መዋል አልችልም። ሥራዬ ሆም ኬር ነው። የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጠዋት ዊተን ሄጄ አንዲት እናት አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ ቁርስ አበላለሁ። እኩለ ቀን ላይ ታኮማ ፓርክ ነኝ። ከሰዓት በኋላ ዋሽንግተን ዲሲ ገብቼ ፔትዎርዝ የሚባል ሰፈር እሠራለሁ። ከዚያ ወደ እማዬ። ቀኔ የሚያልቀው ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ ከመብራት መብራት ስቆምና ስነሳ ነው።

የፈለግኩት ትንሽ መኪና ነው። ለፓርኪንግ የማታስቸግር፣ ቤንዚን የማትጠጣ፣ የኋላ በሯ ወደ ላይ የሚከፈት ሀችባክ። በያዝኩት ገንዘብ ልክ ስፈልግ ስፈልግ ሁለት ላይ ቆምኩ። አንዷ ቶዮታ ፕሪየስ ሲ ናት፣ ሃይብሪድ፤ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ። ሌላዋ ሆንዳ ፊት፣ በቤንዚን ብቻ የምትሄድ። ሁለቱም የ2015 ሞዴል፣ ሁለቱም ባለ 1.5 ሊትር ሞተር። አሜሪካ ውስጥ ሁለቱም በአዲስነት መሸጥ አቁመዋል፤ የቶዮታዋ የመጨረሻ ሞዴል የ2019፣ የሆንዳዋ የ2020 ነው። ፕሪየስ ሲ ጃፓን ውስጥ አኳ የሚሏት ናት። አዲስ አበባ ላለው ወንድሜ በስልክ ስነግረው፣ «የቪትዝ እህት በያታ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የተሠራችው ከቪትዝ ጋር በአንድ መሠረት ላይ ነው። እዚያማ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ቤንዚንና ናፍታ የሚጠጣ የቤት መኪና ማስገባት ተከልክሏል። እሱ የሚያወራው ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብቻ ነው። «አንቺ ገና ቤንዚን ትመርጫለሽ?» ይለኛል። እኔ የምኖርበት አፓርታማ ግቢ ቻርጅ ማድረጊያ የለውም። ስለዚህ ያ ወሬ ለእኔ ገና ነው።

መጀመሪያ ብቻዬን ሄጄ ቶዮታዋን ነዳሁ። ቀይ መብራት ላይ ስቆም ሞተሩ ጥፍት አለ። መብራቱ ሲለቀኝ በባትሪ ብቻ፣ ድምፅ ሳታሰማ ተንሸራተተች። ያን ጊዜ አባቴ ትዝ አለኝ።

አባዬ ላዳ ታክሲ ነበር የሚነዳው። ያቺን ሰማያዊና ነጭ። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ሲወርድ ሞተሩን ያጠፋና በፍሪ ይለቃታል። የጎማው ሽውታ ብቻ ይሰማል። ሞተር ሲጠፋ ፍሬን ይጠጥራል፤ ስለዚህ ወደ መብራቱ ስንቃረብ ወገቡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ እግሩን አጥብቆ ሲረግጥ የጭኑ ጅማት በሱሪው ላይ ይታየኛል። እማዬ ስትሰማ ታብዳለች። «ለሁለት ብር ቤንዚን ልጄን ልትገድልብኝ ነው!» እሱ አይመልስላትም። ማታ ግን ደብተሩን ያወጣል። ቤንዚን ይህን ያህል፣ ገቢ ይህን ያህል። የዚያ ደብተር ልዩነት ነው እኔን ያስተማረኝ።

እሱ በጉልበቱና በድፍረቱ ያደርገው የነበረውን ይህች መኪና በራሷ ታደርገዋለች። በዚያ ላይ ፍሬን ሲረገጥ ኤሌክትሪክ ሞተሯ ራሱ ዲናሞ ይሆናል። በሌላ መኪና የፍሬን ሸራ አሙቆ በከንቱ የሚቀረው ጉልበት እዚህ ወደ ባትሪው ይመለሳል። ለዚህ ነው የሃይብሪድ ፍሬን ሸራ ቶሎ የማያልቀው። እንደ ሌላው መኪና ለብቻው ዲናሞና ሞተሪኖ የላትም። ቺንጋ እንኳ የላትም። አባዬ ኮፈኗን ከፍቶ ቢያይ ምን ይል ነበር እያልኩ ነው የተመለስኩት።

ከዚያ ሒሳብ ጀመርኩ። ሁለት ሳምንት የነዳሁትን መዘገብኩ። በሳምንት ወደ 290 ማይል፣ በዓመት 15,000 መሆኑ ነው። አዲስ ሳሉ በተለጠፈባቸው የመንግሥት መለኪያ ቶዮታዋ በአንድ ጋሎን በአማካይ 50 ማይል ትሄዳለች። ሆንዳዋ፣ ኤልኤክስ የሚባለው ዓይነት አውቶማቲኳ፣ 36። (ለወንድሜ ስቀይርለት፣ በ100 ኪሎ ሜትር 4.7 ሊትር እና 6.5 ሊትር ማለት ነው።) ጋሎኑን 3.50 ዶላር አድርጌ ሳሰላ በዓመት የ400 ዶላር ያህል ልዩነት አላቸው።

ግን አማካዩ ያሳስታል። ዋናው ነገር ያለው አማካዩ ሲበተን ነው። አውራ ጎዳና ላይ ቶዮታዋ 46፣ ሆንዳዋ 41 ናቸው። ይህ ለመጣላት የሚያበቃ ልዩነት አይደለም። ከተማ ውስጥ ግን 53 እና 33! ሃይብሪድ የሚያተርፈው መቆም ካለ ነው። ፍሬን ካልተረገጠ ለባትሪው የሚመለሰው ጥቂት ነው። ሰው «ሃይብሪድ ይሻላል?» ብሎ ሲጠይቅ መጀመሪያ የት ነው የምትነዳው መባል አለበት። ከፍሬድሪክ ከተማ በ270 አውራ ጎዳና እየበረረ ለሚመላለስ ሰው የሆንዳዋ ቤንዚን አያስለቅስም። እንደ እኔ ጆርጂያ አቬኑ ላይ ለሚውል ግን ልዩነቱ በዓመት ወደ 600 ዶላር ይጠጋል። የሁለት ሳምንት አስቤዛ አይደለም ይሄ፤ ከዚያ በላይ ነው።

ቶዮታዋ 12,000 ዶላር ተባለች፣ ሆንዳዋ 9,900። 2,100 ዶላር ልዩነት። በአራት ዓመት አካባቢ ራሷን ትመልሳለች ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ። ያን ማታ ልቤ ቶዮታዋ ላይ ነበር።

ከመፈረሜ በፊት ግን ጋሼን ይዤ ሄድኩ። ጋሼ የምላቸው ዲሲ ውስጥ ሃያ ዓመት ታክሲ የነዱ፣ ከእኛ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሰው ናቸው። ለእኔም ለእማዬም እንደ ዘመድ ናቸው። ሻጩ ስለ ስክሪኑና ስለ ካሜራው ሲያወራ እሳቸው አልሰሙትም። በቀጥታ የኋላውን በር ከፍተው ተንበረከኩ። ከመቀመጫው ታች ያለችውን ትንሽ ፍርግርግ በጣታቸው አነቃነቋት፣ ወለቀች። ጣታቸውን ሰደው ግራጫ ድብዳብ አወጡ። አቧራና የውሻ ፀጉር፣ ተጠቅጥቆ እንደ ብርድ ልብስ ሆኖ።

«አየሽ ልጄ፣ ባትሪው ከመቀመጫው ስር ነው ያለው። የሚተነፍሰው በዚህች ነው። ባትሪን የሚገድለው ሙቀት ነው። ሰው ዘይት መቀየር ያውቃል፤ ይህችን የሚጠርግ ግን ስንት አለ?»

«ታዲያ ይሄ ሞቷል ማለት ነው ጋሼ?»

«አይደለም። በኮምፒዩተር ይለካ። ግን ስንት ክረምትና በጋ ታፍኖ እንደከረመ ማን ያውቃል።»

ባትሪው ተለካና ደህና ነው ተባለ። ያም ሆኖ የፋብሪካ ዋስትናው ጊዜው አልፏል። መኪናዋ ደግሞ 98,000 ማይል ላይ ናት። ነገ ቢሞት አዲሱ ከ2,000 ዶላር በላይ ነው። የአራት ዓመቱ ሒሳቤ እዚያው ላይ ስምንት ሊሆን ነው። ጋሼ ግን አላስፈራሩኝም። የእሳቸው ሃይብሪድ ብዙ ማይል ሄዳለች፣ ባትሪዋን የቀየሩት አንዴ ነው። «ፍሩ አልልም፤ ቆጥባችሁ ያዙ ነው የምለው» አሉ። ይህን ምክር ማንም ሃይብሪድ የሚገዛ ሰው ቢሰማ ደስ ይለኛል። የባትሪውን ገንዘብ ከቤንዚኑ ትርፍ ላይ እየቀነሱ ማስቀመጥ ነው።

ቅዳሜ እማዬን ይዤ ሁለቱንም በአንድ ቀን ለማየት ወጣሁ። ይህን ከመጀመሪያው ማድረግ ነበረብኝ። ሦስት ዓመት ሆኗታል ጉልበቷን ካመማት። ቤት ውስጥ በዎከር፣ በእጅ በሚያዝ መደገፊያ፣ ትንቀሳቀሳለች። ለሐኪም ቤትና ለቤተ ክርስቲያን ግን ዊልቸሯ የግድ ነው።

ቶዮታዋ ዝቅ ያለች ናት። እማዬ በሩን ይዛ ወደ ታች ወረደች፤ በመጨረሻ ጉልበቷ አልታዘዝ አላትና ዘፍ አለች። ፊቷን አየሁት። ምንም አላለችም። ዊልቸሯን አጥፌ ከኋላ ስጭን አግድም አልገባ አለኝ፤ አንዱን የኋላ መቀመጫ አስተኝቼ ገፋሁት። ገባ። ወገቤ ግን ነገረኝ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳነሳና ሳስቀምጥ የምውል ሰው ነኝ።

ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ሲጠፋ እማዬ ዳሽቦርዱን ያዘች። «ጠፋች እንዴ?»

«አልጠፋችም እማዬ። በባትሪ ናት።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ፣ «የአባትሽን ነገር ነዋ የምታደርገው» አለች። እኔ ምንም አልነገርኳትም ነበር። ሁለታችንም እስከሚቀጥለው መብራት አልተናገርንም።

ከሰዓት ሆንዳዋ ጋ ሄድን። ሻጩ የኋላውን በር ከፍቶ የመቀመጫውን ታች ወደ ላይ አጠፈው፤ ልክ እንደ ሲኒማ ቤት ወንበር። ከስሩ ባዶ ወለል ነው። የቤንዚኑ ታንከር የተቀመጠው ከፊት ወንበሮች ስር ስለሆነ ከኋላ ምንም የለም። ቶዮታዋ ባትሪዋን ያስቀመጠችበት ቦታ እዚህ ባዶ ነው። የዊልቸሯን የእግር ማሳረፊያ ነቀልኩ፣ አጠፍኳት፣ በጎን በር አስገብቼ ቀጥ አድርጌ አቆምኳት። ከመሬት ያነሳኋት ከጉልበቴ በታች ነው። ሁለቴ ደጋገምኩት። ሰዓት ሳይ አንድ ደቂቃ አልሞላም።

እማዬ ከፊት ስትገባ አልወረደችም፤ ጎኗን አዙራ ቁጭ ነው ያለችው። ቀሚሷን አስተካከለች። «እዚህስ እንደ ሰው ተቀመጥኩ» አለች።

ቤልትዌይ ላይም፣ ዲሲን የሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ፣ ወጣሁባት። ሆንዳዋ 130 ፈረስ ጉልበት አላት፣ ቶዮታዋ ሞተርና ባትሪዋ ተደምሮ 99። ወደ መንገዱ ስገባ ልዩነቱን እግሬ አወቀው። ግን ያ አይደለም የወሰነልኝ።

ማታ ደብተሩን እንደገና ከፈትኩ። ከሰኞ እስከ ዓርብ መኪናው ውስጥ ያለሁት ብቻዬን ነኝ። ቁጥሩ ቶዮታዋን ይላል፣ አሁንም ይላል። እማዬን የማወጣት በሳምንት አንዴ፣ ሲበዛ ሁለቴ ነው። በማይል ብትቆጥሩት ከመቶ ስድስት አይሞላም። ለዚያች ትንሽ መንገድ ብዬ በዓመት 500፣ 600 ዶላር ቤንዚን ላይ ላፍስስ? ሁለት ሌሊት በደንብ አልተኛሁም። የማስበው ግን ስለ ቤንዚን አልነበረም። ዘፍ ስትል ያየሁት ፊቷ ነበር። ሐኪም ቤት መሄድ ባለብን ቀን «ዛሬ ይቅር፣ ደክሞሻል» የምትለኝ ነገር አለ። ለካ የደከመችው እሷ ናት። መኪና መግባቱ ነው ያስፈራት።

ሆንዳዋን ገዛሁ። ሜሪላንድ ያገለገለ መኪና ሲዛወር የሴፍቲ ምርመራ ግድ ነው፤ እሱን አልፋ ታርጋዋን ይዛ ወጣች። 84,000 ማይል። ጋሼ የካምቢዮውን ዘይት ቶሎ አስቀይሪ ብለውኝ በሳምንቱ አስቀየርኩ።

የሥራ ጓደኞቼ ሲጠይቁኝ ግን ሃይብሪዷን ግዙ ነው የምላቸው፣ እሷም ባትሪዋን አስለክታችሁ፣ መተንፈሻዋን ጠርጋችሁ። ብቻዬን ብሆን እኔም እሷን ነበር የምገዛው። ይህን ሳልደብቅ እናገራለሁ። ቀይ መብራት ላይ የሆንዳዋ ሞተር ሲንተከተክ አንዳንዴ ያቺ ዝምታ ትናፍቀኛለች።

ዛሬ ጠዋት ዊልቸሯን ከኋላ አቁሜ ቤተ ክርስቲያን ሄድን። እማዬ ሦስት ቀን ቀድማ ነው ነጠላዋን ያዘጋጀችው። ስንመለስ ታንከሩን ሞላሁ። ለዚህ ጉዳይ የገዛሁት አዲስ ደብተር አለ፣ የጓንት ሳጥኑ ውስጥ የሚቀመጥ። የመጀመሪያው መስመር ላይ እንዲህ ጻፍኩ፦ 294 ማይል። 8.9 ጋሎን። 33 በጋሎን።

እማዬ ነቃች መሰለኝ፣ የጉልበቷን ቅባት እየጠየቀችኝ ነው።