ከጎረቤት አገሮች ጋር ቶሎ እንተሳሰር!
ዛሬ ቱሉ ዲምቱ ሻይ ቤት ከጅቡቲ መስመር ሹፌሮች ጋር ቁጭ ብለን ስናወራ ዋልን፣ ወሬው ሁሉ ኬላ፣ ወረፋ፣ ወረቀት ነው፣ በጣም ነው ያሳዘነኝ። ከገቢ ዕቃችን ከ90 ፐርሰንት በላይ በጅቡቲ ነው የሚገባው፣ እነሱ ደግሞ መብራት ከኛ ይገዛሉ፣ ባቡሩም አለ፣ ታዲያ ምን ቀረን? ሶማሊያ እንኳን በ2024 እ.ኤ.አ. እነኬንያ ያሉበት የምስራቅ አፍሪካ ማህበረሰብ ገብታለች፣ እኛ እስካሁን የለንበትም። ኢጋድ (እኛም ያለንበት የአካባቢው አገሮች ድርጅት) አለ ይባላል፣ አዎ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ፣ ግን ሹፌሩ ኬላ ላይ ምን ጠቀመው? በርግጥ ከጎረቤቶቻችን ጋር የጋራ ጦር ማቋቋም ምናምን የሚለው አሁን አይታየኝም፣ መተማመኑ ገና ነው፣ አልሸባብን በተመለከተ ግን መረጃ መለዋወጥ ግዴታ ነው። ንግዱ ይቅደም ባይ ነኝ፣ እናንተስ?